ባለ አስር ፕላይ ጎማ

«እዚያ መኪና ውስጥ ሁለተኛ አልገባም። ከፈለጋችሁ እዚሁ አልጋዬ ላይ ልሙት።»

እናቴ ይህን ያለችው ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጌላት፣ ታላቅ ወንድሜ ኢዮብ ፒክአፑን የግቢው በር ላይ አቁሞ ክላክስ ካደረገ በኋላ ነው። እናቴ የምትነጫነጭ ሴት አይደለችም። የዛሬ ሦስት ወር አገር ቤት፣ ዶዮገና ጓሮዋ ውስጥ አዳልጧት ዳሌዋ ሲሰበር፣ ጎረቤት የደረሰላት ጭቃው ላይ ተኝታ መዝሙር ስትዘምር ነው። ያቺ ሴት ዛሬ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እኛን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ኢዮብ በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። «በቃ፣ ካልፈለገች ምን ይደረጋል? ሌላ ቀን ትሄዳለቻ» አለኝና ወጣ። አልለመናትም፣ አልተቆጣትም፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንኳ አልተቀመጠም። የመኪናው ድምፅ ሲርቅ እየሰማሁ ቆሜ ቀረሁ። እኔን የቆረቆረኝ የእሷ እምቢታ ሳይሆን የእሱ ጥድፊያ ነው። እናቱን ሐኪም ቤት ሊወስድ የመጣ ሰው፣ አልሄድም ስትለው እፎይ ይላል?

ሌላ ቀን የሚባል ነገር እንደሌለ ኢዮብ ያውቃል። የአጥንት ስፔሻሊስቱ ሆሳዕና የሚመጣው በወር አንድ ቀን ነው፤ ቀኑ ዛሬ ነው፤ በሽተኛ የሚያየውም እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው። የእናቴ የቀዶ ጥገና ቁስል ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አብጧል፣ እጄን ሳስጠጋበት ይፋጃል። የሚከታተላት ሐኪም ራጁን መስኮት ላይ አስደግፎ ብዙ ካየ በኋላ «ዳሌዋ ውስጥ የገባው ብረት ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። ስፔሻሊስቱ ሳያየው እኔ አልነካውም፤ ግን ደግሞ ሌላ አንድ ወር የሚጠብቅ ነገር አይደለም» ብሎኛል። ባይታይ ምን እንደሚመጣ አልነገረኝም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁትም። ባጃጅ እንዳልጠራ እግሯ አይታጠፍም። አምቡላንስ እንዳልለምን ወላድ ይቀድማል፣ መቅደምም አለበት። ያለን ያ ፒክአፕ ብቻ ነው፤ ደብል ጋቢና ስለሆነ የኋላው ወንበር ላይ አስተኝቻት፣ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምንሄደው። መኪናው ደግሞ የኢዮብ አይደለም። ታናሻችን ቲቶ ከጆሃንስበርግ ብር ልኮ ያስገዛው ለእናቴ መመላለሻ ተብሎ ነው። መንጃ ፈቃድ ያለው ኢዮብ ስለሆነ ቁልፉ እሱ ኪስ ገባ፣ እዚያው ቀረ።

የምኖረው እዚሁ ሆሳዕና፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ነው። ውስጠኛውን ለእናቴ ለቅቄላት እኔ ከተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ጋር ሶፋው ላይ አድራለሁ። አከራይዋ እናቴ ከመጣች ወዲህ ውኃ በዝቷል ብላ ኪራዩ ላይ አምስት መቶ ብር ጨምራለች፤ ለአንዲት አሮጊት ፊት መታጠቢያ! ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው። ሁለት ወር ሙሉ በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ መኪና ስንመላለስ እናቴ ራሷን ቀና አድርጋ በመስኮቱ ሰው እያየች፣ ማን እንደከሳ ማን እንደወፈረ እየነገረችኝ ነበር የምንሄደው። ያለፈው ማክሰኞ ግን መኪናው ሌላ መኪና ሆነ። ከበሩ ወጥተን የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች እንደረገጥን መዝለል ጀመረ። እያንዳንዱ ድንጋይ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። እናቴ መጀመሪያ ጉልበቴን ጨበጠች፣ ቀጥላ ነጠላዋን ነከሰች፣ ከዚያ ጮኸች። እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኢዮብ ዞር ብሎ ሳያይ «መንገዱ ተበላሽቷል» አለ። መንገዱ ያው ነው።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ስንደርስ ምክንያቱን አየሁት። አራቱም ጎማ አዲስ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥርሱ ጣት የሚውጥ። «አሮጌው አልቆ ነበር» አለኝ ኢዮብ፣ ሳልጠይቀው። ሳይጠየቅ የሚመልስ ተማሪ ምን እንዳደረገ እኔ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። እሱ ካርድ ሊያወጣ ሲሄድ ጎንበስ ብዬ የጎማውን ጎን አነበብኩ። ባለ አስር ፕላይ፣ ማለትም የአስር ድርብ ጥንካሬ ያለው ነው፤ አንዱ ጎማ ብቻውን አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ እንደሚሸከም ተጽፎበታል። የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ይህን ለመረዳት ግን ፊዚክስ አያስፈልግም። ለከባድ ጭነት የተሠራ ጎማ ጎኑ ወፍራምና ድርቅ ያለ ነው፣ የሚሞላውም ንፋስ ብዙ ነው። ስስ ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ይታጠፍና ምቱን እዚያው ያስቀረዋል። ወፍራሙ አይታጠፍም። ምቱን ለባሌስትራው ያቀብላል፣ ባሌስትራው ለወንበሩ፣ ወንበሩ ለእናቴ አጥንት። እናቴ ባለፈው ስትመዘን አርባ አምስት ኪሎ ነበረች። አርባ አምስት ኪሎ ሴት ለማመላለስ ይህን ጎማ የሚገዛ ማን ነው? ወንድሜ ምን እየጫነ ነው?

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ አላረፈም። የመኪናው የኋላ መጫኛ ሁልጊዜ ታጥቦ ነው የሚመጣው፤ ኢዮብ ደግሞ የበላበትን ሳህን አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጥጋጥጉ ላይ ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር አይቼ በጣቴ ብነካው ሲሚንቶ ነው። ቲቶ ሲደውልለት ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣል፤ እኔ ልብስ ላሰጣ ብዬ ብቅ ስል «እሺ፣ በኋላ» ብሎ ይዘጋል። አንድ ቀን «ለአቢጋኤል እንዳትነግራት» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። አቢጋኤል እኔ ነኝ። ዶዮገና የአባታችን መሬት አለ፤ እንሰቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ መንገድ ዳር ያለው ሜዳ። መሬቱ ሲነሣ የኔ ስም እንደማይነሣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሴት ልጅ ነኝና። ስለዚህ ነገሩን በልቤ ጨረስኩት። ኢዮብ እናቴን አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ በእናቴ መኪና፣ በቲቶ ብር፣ ሜዳው ላይ ቤት እየሠራ ነው። እሷ ስትጮህ ዞር ብሎ ያላያት ለዚህ ነው። ዛሬም አልሄድም ስትለው ደስ ያለው ለዚህ ነው፤ ጭነት ይጠብቀዋል። ለእናቴ ግን ምንም አልነገርኳትም። እኛ ቤት ሰው በልቡ ያለውን አይናገርም፤ አብረን እንበላለን፣ እንጸልያለን፣ ዝም ብለን እንለያያለን።

ዛሬ ዝም ማለት አልቻልኩም። የአከራይዋን ልጅ ኤደንን እናቴ ጋር እንድትቀመጥልኝ ለምኜ፣ ባጃጅ ይዤ መነኸሪያው አካባቢ ወዳለው ጎሚስታ ሄድኩ። ጎማው እዚያ እንደተቀየረ ከኢዮብ ከራሱ አፍ አምልጦት ነው የሰማሁት። ጎሚስታው ዋለ ልጁን ስላስተማርኩለት ያውቀኛል። ከቆርቆሮ በተሠራች ክፍሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ የአንድ ሞተር ብስክሌት ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ግድግዳው ላይ የተደገፉ ሁለት ጎማዎች ገና ከሩቅ ታወቁኝ፤ አንደኛው ጎን ላይ የግቢያችን በር ሲቀባ የተነካካበት ሰማያዊ ቀለም አለ።

«ይህ የኢዮብ አይደለም?» አልኩት።

«ነበር ቲቸር። አሁን የኔ ነው። ሁለቱን ትናንት የዱራሜ ሰው ወሰዳቸው፣ እነዚህ ቀሩ።»

«ጥርሱ እኮ አላለቀም።»

«ኧረ ገና ነው! ሁለት ዓመት ይነዳል።»

«ታዲያ ለምን ቀየረው?»

ዋለ ዓይኑን ከውኃው ላይ አላነሣም። «እሱን እንግዲህ ባለቤቱን ብትጠይቂ ይሻላል።»

«ጠየቅሁት። አልቋል አለኝ።»

«እንዲያ ካለሽ እንዲያ ነዋ።»

ልሄድ አልኩና አልቻልኩም። እናቴ በዚያ ጎማ ምክንያት ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ አልጋ ላይ እንደሆነች፣ ቁስሏ እንደሚፋጅ፣ ሐኪሙ ዛሬ ብቻ እንዳለ ነገርኩት። ድምፄ ስለተሰበረ ራሴን ጠላሁት። ዋለ ከመነዳሪውን ጨምቆ አስቀመጠው። «ቲቸር፣ እኔ በወንድምና በእህት መሐል መግባት አልፈልግም። አንዱ ጎማ ዶዮገና መግቢያው ላይ ጭነት በዝቶበት ፈነዳ፤ መለዋወጫውን አስሮ መጣ። ወፍራም ስጠኝ አለኝ፣ ሰጠሁት። ለእናትህ ንፋሱን ልቀንሰው ብዬው ነበር፤ ድንጋይ ነው የምጭንበት፣ ይሞቅብኛል አለ። ውሸቱን አይደለም፣ ይሞቃል። አሁንም ታች ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲጭን ይሆናል» አለኝ።

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ምን እንዳለ አውቃለሁ። እምነበረድና ግራናይት የሚቆረጥበት ግቢ ነው፤ ማሽኑ ከሩቅ ይጮኻል፣ ነጭ ውኃ ከበሩ ሥር እየፈሰሰ መንገዱን ያቋርጣል። እንግዲህ እምነበረድ ነው! እኔ ብሎኬት መስሎኝ ነበር፤ ሰውየው የሳሎን ወለል ላይ ደርሷል። ደሜ ፈላ። ወደ ታች ስወርድ የምለውን ሁሉ በልቤ አዘጋጀሁ። እናቴ በኪራይ ቤት አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ተኝታ አንተ እምነበረድ ታነጥፋለህ ወይ እለዋለሁ። ለቲቶም አሁኑኑ እደውልለታለሁ። ፒክአፑ ኋላውን ወደ ግቢው አዙሮ ቆሟል። ኢዮብ ጀርባውን ሰጥቶኝ የደረቀ የእንሰት ቅጠል መጫኛው ላይ ያነጥፋል፣ ድንጋዩ እንዳይጫር። ለድንጋዩ! አፌን ከፈትኩ። ያኔ ሁለት ሠራተኞች ግድግዳው ላይ ተደግፎ የነበረ ጥቁር ግራናይት አንሥተው ወደ መኪናው ሲያዞሩት፣ እናቴ ከድንጋዩ ላይ እየሳቀች አየችኝ።

ፎቶው ቲቶን የሸኘን ቀን የተነሣችው ነው። አንገቷ ላይ ያለችው ሐብል ሳትቀር በመርፌ ተፈልፍላለች። ከሥሩ «ወይዘሮ ዓለሚቱ ላምቦሬ» ይላል። የተወለዱበት ዓመት ተጽፏል። «ያረፉበት» ይላል፣ ቀጥሎ ያለው ልሙጥ ነው። ከሁሉም በታች ሩጫን ስለ መጨረስ የሚናገር ጥቅስ አለ፤ እናቴ ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰው ትደገፋለች። ኢዮብ ሲያየኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሸራውን አንሥቶ ፎቶው ላይ መጣል ነው፣ ልክ እናቴን ራቁቷን ያየሁበት ይመስል።

«ቲቶ ነው ያለው» አለኝ። «እኔ አይደለሁም አቢ። ቲቶ ነው።»

ማሽኑ ቆሞ ስለነበር ሠራተኞቹ ሁሉንም ይሰማሉ። ኢዮብ እንደ ልጅ እየተንተባተበ ነገረኝ። አባታችን ሲቀበር ቲቶ በስልክ ነበር ያየው፤ ዝናብ ነበር፣ ያየውም አንድ ክምር ጭቃ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ለእናታችንም መምጣት እንደማይችል ያውቃል። ለእሷ ግን ያን ጭቃ ሁለተኛ አላይም ብሎ ማለ። ሲሚንቶ በየሳምንቱ ይጨምራል፣ ግራናይቱ በየወሩ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዋጋው ሳይብስ አሁን ይሠራ፣ ቀኑ ሲደርስ ቀኗ ብቻ ይጻፍ ተባለ። መሠረቱና ብሎኬቱ ዶዮገና አባታችን አጠገብ አልቋል። ዛሬ ድንጋዩን አድርሶ ከሠራተኛ ጋር ሊያቆመው ተቀጣጥሯል። ለኔ ያልተነገረኝ እንዳልቆጣ ነው።

«ለመቃብሯ ጎማ ገዛህላት» አልኩት።

«ለእሷም ይመቻታል ብዬ ነው እኮ! ውድ ነው፣ ወፍራም ነው፤ እንደ ፍራሽ ነው የሚሆንላት ብዬ።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ማክሰኞ ስትጮህ ለምን ዞር እንዳላልኩ ታውቂያለሽ? ፈርቼ ነው። ቀኑን እኔ ያመጣሁባት መሰለኝ።»

ወንድሜን ስጠረጥረው ከርሜ፣ ሌባ ሆኖ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ሌባ ይሰደባል፣ ሽማግሌ ይሰበሰብበታል፣ ነገሩ ያልቅለታል። እናቱን እየወደደ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ግን ምን ይደረጋል? ደሜ ግን አልበረደም። በሕይወት ላለችው ከመኪናው በቀር አንዲት ትራስ ገዝቶ የማያውቅ ቲቶ ለሞተችው ግራናይት ያስቆርጣል፤ እኔም ብሆን እንዲህ ያለ መቃብር አልመኝላትም ብዬ ልምል አልችልም፤ የሆሳዕና ሰው ስለ ለቅሶ ሲያወራ ስለ ሟቹ አያወራም፣ ስለ መቃብሩ ነው። ስልኬን አየሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«አሮጌውን ጎማ አስመልስ» አልኩት።

«ሁለቱ ተሸጠዋል።»

«እንግዲያውስ ንፋሱን አስቀንስ።»

«ቀንሼ ነበር ረቡዕ ዕለት። ባዶውን ነው የሚዘለው አቢ፣ ንፋሱ አይደለም። ሲጫን እኮ እንደ አልጋ ነው። እኔ ራሴ ጭኜ ስሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ልክ ነው፤ ለጭነት የተሠራ ነገር ጭነቱን ካላገኘ አይለዝብም፣ ይህን ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እያሰመርኩ አስተምራለሁ። ሠራተኞቹ ግራናይቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ይጠብቁናል። አራት መቶ ኪሎ ይሆናል ሁሉም ተደምሮ፣ ከግርጌውና ከራስጌው ጋር። ኢዮብ ወደ ድንጋዩ አየ፣ ወደኔ አየ፣ ቶሎ ብሎ መሬት መሬት አየ። እኔ እንድናገረው እየጠበቀ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ቤት ክፉ ክፉውን የምናገረው እኔ ነኝ።

«ጫኑት» አልኩ። «ፎቶው ወደ ታች ይሁን። ሸራ አልብሱት።»

ቤት ስንደርስ እናቴ ድርቅ ብላ ጠበቀችን። መኪናው ተስተካክሏል አልኳት። ምኑ እንደተስተካከለ ጠየቀችኝ፤ ጎማው አልኩ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመረችው። መጠርጠርን ከሷ እንደወረስኩ ያኔ ገባኝ። «እውነትሽን ነው?» አለችኝ፣ «እውነቴን ነው፣ ከበሩ ሳንርቅ ካመመሽ እንመለሳለን» አልኳት። ኢዮብ አቅፎ አወጣት። በግቢው ስናልፍ አከራይዋ መጫኛው ላይ ያለውን ሸራ አይታ ቤቱን ልትለቁ ነው ወይ አለች፤ እኔ ቀድሜ የመኪናውን በር ከፈትኩ። እናቴን የኋላው ወንበር ላይ አጋድመን ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ከኋላዬ፣ በአንድ ብረት ብቻ ተለይቶ፣ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ አለ።

ኮብልስቶኑን ስንጀምር የበሩን መያዣ ጭብጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። መኪናው ዝቅ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ቀስ እያለ ሄደ። የመጀመሪያው ድንጋይ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ውኃ ልማት ቢሮው ጋ ያለው የመንገዱ ጉድጓድ እንኳ እንደ ቀላል ማዕበል ከፍ አድርጎ ዝቅ አደረገን። እናቴ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ቀጥላ ሁለተኛውን። ጣቶቿ አንድ በአንድ ከመያዣው ተላቀቁ። ራሷን ቀና አድርጋ በመስኮቱ ማየት ስትጀምር አስፋልቱ ላይ ወጥተናል።

«ምን አድርጋችሁት ነው?» አለች።

«ጭነት አለው እማዬ» አልኩ። «ሲጫን ነው የሚመቸው።»

«ምን ጭናችሁ ነው?»

ኢዮብ በመስታወቱ አየኝ። «ድንጋይ ነው» አለ።

«የማን?»

መልሱን እኔ እንድሰጥ ጠበቀ፤ እኔ የእናቴን ነጠላ ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩ። «የሰው ነው እማዬ» አለ በመጨረሻ። «አደራ ነው።»

እናቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ራሷን መልሳ ጭኔ ላይ አስደገፈች። ሳምንት ሙሉ ያላየሁት ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣ። «ማንም ይሁን፣ ጌታ ይባርከው» አለች። «በእሱ ድንጋይ አጥንቴ አረፈ። ለባለቤቱ ዕድሜ ይስጠው፤ ረጅም ዕድሜ።»

ኢዮብ መንገዱን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ የኢዮብን ማጅራት። የሐኪም ቤቱ በር ታየ።

«አሜን በሉ እንጂ!» አለች እናቴ።

«አሜን» አልን።